የጋምቤላ መዝገብና ግልባጩ

የጋምቤላ የጽሑፍ ታሪክ አብዛኛው የሚገኘው ከጋምቤላ ውጭ ነው። ስለ ከተማዋ ምሥረታ፣ ስለ ባሮ ወንዝ ንግድ፣ ስለ አኙዋና ስለ ኑዌር ሕዝቦች የቀድሞ አኗኗር የሚያጠና ሰው ካርቱም፣ ለንደን፣ ደርሃም፣ ኦክስፎርድ፣ ጁባና አዲስ አበባ የተቀመጡ መዛግብትን ማገላበጥ አለበት። ለዛሬ የደረሰው ሰነድ በአብዛኛው በጊዜው ግልባጭ ወጥቶለት ወደ ሌላ ከተማ የተላከው ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ መዝገብ የመጠበቅ ታሪክ የግልባጭ ታሪክ ነው፤ በመርከብ ከሚጓዝ ደብዳቤ ተነሥቶ በኮምፒውተር ላይ እስከሚተከል የባክአፕ ፕሮግራም ይደርሳል።

ከጽሑፍ በፊት ትዝታው በሰው ላይ ነበር። የኑዌር የዘር ሐረግ በብዙ ሽማግሌዎች አፍ ተከፋፍሎ ይያዝ ስለነበር የአንዱ ሞት ሐረጉን አያጠፋውም ነበር። በአኙዋ ዘንድ ደግሞ የመሳፍንቱ የሥልጣን ምልክት የሆኑት ጨሌዎች ከአንዱ ባለ ሥልጣን ወደ ሌላው ሲተላለፉ የባለቤቶቻቸው ታሪክ አብሮ ይተላለፍ ነበር። ይህ ዘዴ ለረጅም ዘመን ቢያገለግልም ወሰን ነበረው። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ሊቅ ኢ. ኢ. ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው የኑዌር ጥናቱ እንዳሳየው፣ በመካከል ያሉ ትውልዶች እየተዘለሉ የሐረጉ ርዝመት ከዘመን ወደ ዘመን ብዙም ሳይጨምር ይኖራል። ለማኅበራዊ ኑሮ የሚያስፈልገው ይታወሳል፤ የማያስፈልገው ይረሳል።

ጋምቤላን ወደ ጽሑፍ ዓለም ያስገባት ሰነድ ገና ሲፈረም ሁለት ቅጂ ነበረው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ጆን ሌን ሃሪንግተን በአዲስ አበባ የፈረሙት የድንበር ውል፣ በአራተኛው አንቀጹ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ወንዝ ዳር አንድ ቦታ ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀደ። ቦታው በወንዙ በኩል ከ2000 ሜትር፣ በጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል ተወሰነ። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስከቆየች ድረስ ብቻ ነበር። ውሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ሁለቱም ጽሑፎች እኩል ሕጋዊ ሆነው፣ በሁለት ቅጂ ተዘጋጀ። ከሁለቱ ተዋዋዮች አንዱ ቅጂውን ቢያጣ ወይም ቃሉን ቢያዛባ የሌላው እንዲመሰክርበት ማለት ነው።

ጣቢያው በመጨረሻ የተቋቋመው ኢታንግ ላይ ሳይሆን ከዚያ በስተ ምሥራቅ ወንዙን ሽቅብ ተወጥቶ ጋምቤላ ላይ ነው። ንግዱ ከ1896 ዓ.ም. ጀምሮ ቀስ በቀስ ደራ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ነጭ ዓባይንና ሶባትን ተከትለው ጋምቤላ ይደርሱ ነበር፤ ውሃው ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል። መርከቦቹ ጨውና አቡጀዲ ያመጣሉ፤ ከጎሬ፣ ከቡሬና ከሳዮ በበቅሎና በሰው ሸክም የወረደውን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይዘው ይመለሳሉ። በዚያ ዘመን የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ዋና መውጫ በር ጋምቤላ ነበረች። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎችም መጋዘናቸውን በወንዙ ዳር ተክለው ነበር።

እንዲህ ያለ ንግድ ወረቀት ያበዛል። የጭነት ዝርዝር፣ የቀረጥ ደረሰኝ፣ የመጋዘን ሒሳብ፣ የኪራይ ውል፣ የአቤቱታ ደብዳቤ በየወቅቱ ይከማቻል። ጋምቤላ ግን ለወረቀት የማይመች ቦታ ናት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለ ቆላ ላይ ትገኛለች። በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ክረምት ሲገባ እርጥበት ይበረታል፤ ወንዙም ዳርቻውን እየጣሰ ይወጣል። ምስጥና ሻጋታ ደግሞ ወረቀትና ሳጥን አይለዩም። የንግድ ጣቢያው የአስተዳደር ወረቀት ከዚህ ሁሉ ያመለጠው አለቆቹ ካርቱም ስለነበሩ ነው። የጣቢያው ሹም የሚጽፈው ሪፖርት ወደ ካርቱም ይላካል፤ ከዚያ የተመረጠው በሱዳን መንግሥት የስለላ ዘገባና ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ ታትሞ ካይሮና ለንደን ይደርሳል። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደግሞ ዋና ዋና ደብዳቤዎችን አሳትሞ ለሚመለከታቸው ሹማምንት የማደል ልማድ ነበረው። አንዱ ደብዳቤ በዚህ መንገድ በአራትና በአምስት ከተማ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ውጤቱ በኋላ በታሪክ ጸሐፊዎች ሥራ ታየ። ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ1976 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1935 በምዕራቡ ድንበር የነበረውን የኢትዮጵያና የሱዳን ግንኙነት የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የጋምቤላን ንግድ ለብቻው የገመገመ ጽሑፍም አሳትመዋል። የሠላሳ ዓመቱን ንግድ እንዲህ አድርጎ መከታተል የተቻለው መዝገቡ ከጣቢያው ወጥቶ በሌላ አገር በመቀመጡ ነው።

ግልባጭ የተላከበት አቅጣጫ ግን የታሪኩንም አቅጣጫ ይወስናል። ለካርቱም የተጻፈ ሪፖርት የካርቱምን ጉዳይ ይናገራል፤ ቀረጥ፣ የመርከብ ጊዜ፣ የመሣሪያ ዝውውር፣ የድንበር ግጭት ይበዛበታል። ቡናውን ከደጋ ያወረደው ሸካሚና በወንዙ ዳር የሚያርሰው አኙዋ በሪፖርቱ የሚገኙት አንድ ችግር ሲፈጠር ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ሹማምንት ከጎሬ የጻፏቸው ደብዳቤዎችም በእንግሊዞቹ መዝገብ ውስጥ ብዙ ጊዜ በትርጉም ወይም በአጭር ማጠቃለያ ብቻ ይገኛሉ። የአንድ ወገን ቅጂ ሲተርፍ የአንድ ወገን ዓይን አብሮ ይተርፋል።

የጣሊያን ወረራ የጋምቤላን አስተዳደር ከእጅ ወደ እጅ አዛወረው። ሰኔ 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ወደ ዓለም ጦርነት ከገባች በኋላ ጋምቤላ የጦር ግንባር ሆነች፤ መጋቢት 1933 ዓ.ም. ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው ጦር ከእንግሊዝ የአፍሪካ ወታደሮች ጋር ሆኖ ከጣሊያኖች አስለቀቃት። ሱዳን እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1956 ነጻ ስትወጣ ደግሞ በ1894ቱ ውል የተቀመጠው የኪራይ ዘመን አበቃና ጣቢያው በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በቀጣዩ ዓመት እ.ኤ.አ. በ1957 የደርሃም ዩኒቨርሲቲ የሱዳን መዝገብን አቋቋመ፤ በሱዳን ያገለገሉ የእንግሊዝ ሹማምንት በየቤታቸው ያስቀመጡትን ደብዳቤ፣ ማስታወሻና ፎቶግራፍ ሰበሰበ። ለቤተሰብ ተብሎ የተቀመጠ የግል ቅጂ በዚህ መንገድ የሕዝብ መዝገብ ሆነ።

በኢትዮጵያ በኩል የነበረው የአሠራር ልማድ በመዝገብ ቤት ላይ የቆመ ነው። ገቢ ደብዳቤ በገቢ መዝገብ፣ ወጪ ደብዳቤ በወጪ መዝገብ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ከዚያ በጉዳዩ ፋይል ይታሰራል። ደብዳቤ በታይፕ ሲመታ ካርቦን ገብቶ ሁለትና ሦስት ቅጂ ይወጣል፤ አንዱ በፋይል ይቀራል፤ የቀረው በደብዳቤው ግርጌ ግልባጭ ተብለው ለተዘረዘሩት መሥሪያ ቤቶች ይሄዳል። ጋምቤላ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር ስለነበረች የጉዳዮቿ ግልባጭ ወደ ጎሬ፣ የክፍለ ሀገሩ ማዕከል ወደ መቱ ሲዛወርም ወደ መቱ ይሄድ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው አዲስ አበባ የአገር ግዛት ሚኒስቴር ይደርሳል። በ1980 ዓ.ም. በተደረገው የአስተዳደር አከላለል ጋምቤላ ራሷን የቻለች አካባቢ ሆነች፤ ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላም የራሷ ክልል ተቋቋመላት። አለቃው መሥሪያ ቤት በተለወጠ ቁጥር የግልባጩም መንገድ ይለወጣል። ስለዚህ የአንድ የጋምቤላ መሬት ወይም የአንድ ትምህርት ቤት ፋይል በሦስት ከተማ ተከፋፍሎ ቢገኝ አያስደንቅም።

ከመንግሥት ውጭም ሌሎች ጽሑፎች ተከማችተዋል። ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1935 በአኙዋ መካከል የሠራው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1940 ታተመ፤ ያነሣቸው ፎቶግራፎችም ኦክስፎርድ በሚገኘው የፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተቀምጠው በኋላ በኢንተርኔት ለሕዝብ ቀርበዋል። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን በ1940ዎቹ ዓ.ም. ፖክዎ ላይ ጣቢያ ከፍቶ በአኙዋ ቋንቋ የማንበቢያና የሃይማኖት ጽሑፎች አዘጋጅቷል። ስለ መዠንግር ሕዝብ የጃክ ስታውደር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1971፣ ስለ አኙዋና ኑዌር ግንኙነት የደረጀ ፈይሳ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትመዋል። በደቡብ ሱዳን በኩል ደግሞ ከየአውራጃው ተሰብስበው ጁባ ላይ በድንኳን ውስጥ ተከማችተው የቆዩ የአስተዳደር ፋይሎች በሪፍት ቫሊ ኢንስቲትዩት እገዛ ተለይተው በካሜራ መነሣት ጀመሩ። ኑዌርና አኙዋ በድንበሩ ግራና ቀኝ ስለሚኖሩ ከአኮቦና ከናሲር የተጻፈው ለጋምቤላም ታሪክ ነው።

በአገር ደረጃ አንድን ጽሑፍ አውቆ ሁለት ቦታ የማስቀመጥ ሰፊ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ከየገዳማቱና ከየአብያተ ክርስቲያናቱ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አንሥቶ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላውን በአሜሪካ ሚኒሶታ አስቀመጠ። የመንግሥት መዝገብን በተመለከተ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 179/1991 በሕዝብ ዘንድ ወመዘክር እየተባለ የሚጠራውን ተቋም የአገሪቱ መዛግብት ጠባቂ አድርጎ አደራጀው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኮምፒውተር በክልል ቢሮዎች የታይፕን ቦታ ሲይዝ ካርቦኑ ቀረ፤ የቅጂው ልማድ ግን ወዲያው አልተተካም። በታይፕ ዘመን ቅጂ ከጽሕፈቱ ጋር አብሮ ይወለድ ነበር፤ በኮምፒውተር ዘመን ግን አንድ ሰው አስቦ ካላዘጋጀው ቅጂ የለም። ፊደሉም የራሱን ችግር አመጣ። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. መስከረም 1999 በወጣው 3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል እስኪያካትት ድረስ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በየራሳቸው ኮድ ይጽፉት ነበር። በዚያ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ፋይሉ ሳይበላሽ ጽሑፉ ይጠፋል። ስለዚህ የቆየ ፋይል ሲቀመጥ ዋናው እንዳለ ተይዞ፣ ወደ ዩኒኮድ የተለወጠ ሁለተኛ ቅጂ አብሮት መቀመጥ አለበት።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉት የክፍት ምንጭ መሣሪያዎች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ታር የሚባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1979 ከዩኒክስ ሰባተኛ እትም ጋር ወጣ፤ ዓላማው ብዙ ፋይሎችን በአንድ ጥቅል አስሮ በማግኔት ቴፕ ላይ ማስቀመጥ ነበር። ደንቡ በግልጽ ስለተጻፈ ከአርባ ዓመት በፊት የተጠቀለለው ዛሬም ይከፈታል። ጥቅሉን የሚያሳንሰው ጂዚፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ተከተለ። አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት አርሲንክ ደግሞ ከፋይሉ የተለወጠውን ክፍል ብቻ በመላክ በቀጭን መስመር ቅጂ ማደስን አስቻለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ለሕዝብ የወጡት ቦርግና ሬስቲክ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ፤ ፋይሉን ቆራርጠው አንድ ዓይነት የሆነውን ቁራጭ አንድ ጊዜ ብቻ ያስቀምጣሉ፤ ሁሉንም በምስጢር ቁልፍ መዝጋት ይችላሉ። ፒተር ክሮግ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በመጽሐፉ ያስፋፋው ደንብም በዚሁ ዘመን ተለመደ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቦታው ርቆ ይቀመጥ ይላል። ካርቱም፣ ለንደንና ደርሃም ለጋምቤላ ሳያስቡት ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት ለላቲን ፊደል ተጠቃሚዎች ስለነበር አማርኛ የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዩኒኮድ የተለመደ አጻጻፍ አንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። የድሮው የታር ደንብ ለፋይል ስም የመደበው 100 ባይት ስለሆነ 33 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ በሊኑክስ ላይ ለአንድ ስም የሚፈቀደው 255 ባይትም ከ85 ፊደል አያልፍም። የደብዳቤውን ጉዳይ በሙሉ የፋይል ስም የማድረግ ልማድ ባለበት ቢሮ ይህ ወሰን ቶሎ ይደረስበታል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የታር አዲስ ደንብ ረጅም ስምን ያለ ችግር ይይዛል። ዚፕ ደግሞ ለዩኒኮድ ስም ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ በአሮጌ ፕሮግራም የተጠቀለለ ዚፕ ሲፈታ የአማርኛ ስሙ ሊበላሽ ይችላል።

ሬስቲክን ለምሳሌ ብንወስድ አተካከሉ ለጋምቤላ ሁኔታ የሚስማማ ነው። ፕሮግራሙ ሌላ ተጨማሪ ነገር የማይፈልግ አንድ ፋይል ብቻ ስለሆነ፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም ስለሚሠራ፣ ፈጣን ኢንተርኔት ካለበት ቦታ ወርዶ በፍላሽ ሊመጣ ይችላል። ከመተከሉ በፊት አዘጋጆቹ ካወጡት የማረጋገጫ ቁጥር ጋር ይመሳከራል፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ፋይሉ በመንገድ ተበላሽቷል ወይም ተነካክቷል። ቀጥሎ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ማከማቻው ይከፈትና የይለፍ ቃል ይሰጠዋል። ይህ ቃል ከጠፋ ማከማቻውን የሚከፍት ማንም የለም፤ ስለዚህ በወረቀት ተጽፎ፣ ታሽጎ፣ ከዲስኩ በተለየ ቦታ በኃላፊው ካዝና ይቀመጣል። ከዚያ የሚቀዱት ማኅደሮች ይመረጣሉ፤ ጊዜያዊ ፋይሎችና ለመዝናኛ የተጫኑ ፊልሞች ይወጣሉ። በመጨረሻ በዊንዶውስ የሥራ መርሐ ግብር ወይም በሊኑክስ ክሮን አማካይነት መብራት በሚኖርበትና ቢሮው ክፍት በሆነበት ሰዓት እንዲሠራ ይታዘዛል። መብራት በመካከል ቢጠፋ የተቀዳው ቁራጭ አይባክንም፤ ሥራው እንደገና ሲጀመር ያንኑ ይጠቀምበታል።

የትኛው ቅጂ ለምን ያህል ጊዜ ይቆይ የሚለው ውሳኔ ከዘመን አቆጣጠር ጋር ይጋጫል። ፕሮግራሙ ቀንን፣ ሳምንትን፣ ወርንና ዓመትን የሚቆጥረው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። የመንግሥት ቢሮ የበጀት ዓመት ደግሞ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ከየዓመቱ አንድ ቅጂ እንዲያስቀር ብቻ ከታዘዘ የሚያስቀረው በጎርጎርዮስ ዓመት መጨረሻ የተወሰደውን ይሆናል፤ የሒሳብ መዝጊያው ቅጂ ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ሰኔ 30 የሚወሰደው ቅጂ ልዩ ምልክት ይደረግበታል፤ ምልክት ያለው እንዳይሰረዝም በትእዛዙ ይገባል።

ሁለተኛው ማከማቻ ከወንዙ ዳርና ከዚያው ሕንፃ መራቅ አለበት። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያሉ ሁለት ዲስኮች ለጎርፍም፣ ለእሳትም፣ ለሌባም አንድ ናቸው። አዲስ አበባ ከጋምቤላ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ በኢንተርኔት ቀስ እያለ የሚሄደው ቅጂ ባይደርስ እንኳ በየሩብ ዓመቱ ለስብሰባ የሚሄድ ሠራተኛ ዲስክ ይዞ መሄድ ይችላል። ማከማቻው በቁልፍ የተዘጋ ስለሆነ በመንገድ ቢጠፋ የሰው ጉዳይ አይገለጥም። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ደግሞ ጥቂት ፋይሎች ተመልሰው በሌላ ኮምፒውተር ላይ መከፈት አለባቸው፤ ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ መኖሩ አይታወቅም።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ለረጅም ዘመን የጋምቤላን መዝገብ የጠበቀችው ከተማ ራሷ ጠባቂ የሚያስፈልጋት ሆነች። ሩቅ ቦታ ማለት ለዘላለም ደኅና የሆነ ቦታ ማለት እንዳልሆነ ይህ አሳይቷል። በዚሁ ዘመን የደርሃም፣ የኦክስፎርድና የጁባ መዛግብት በከፊል በምስል ተነሥተው ከሩቅ ሊነበቡ ችለዋል። የወጣው ግልባጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መጣበት ሊመለስ የሚችልበት መንገድ ተከፈተ ማለት ነው። የክልሉ የባህል ቢሮ፣ የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጁ እነዚህን ምስሎች አውርደው፣ የሽማግሌዎችን ቃል በድምፅ ቀድተው፣ ከቢሮዎቹ አዲስ ፋይሎች ጋር በአንድ ማከማቻ ማደራጀት ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ሁለት ዲስክ፣ ኃላፊነቱ በስሙ የተሰጠው ሠራተኛና በየዓመቱ የሚፈተሽ መርሐ ግብር ከተጨመረበት ሥራው ይጀመራል።